የዘንባባ አጠውልግ በሽታና መከላከያው በሐዋሳ

የዘንባባ አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የሚባል፣ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ነው። በሥር ወይም በተቆረጠ ዝንጣፊ በኩል ይገባና ውሃ ወደ ላይ የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ይዘጋል፤ ዛፉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል። የያዘውን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ጥረቱ ሁሉ መከላከል ላይ ነው፤ መከላከሉም ከመርጫው ይልቅ መጋዙን ይመለከታል።

ፈንገሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዘር የራሱን ዛፍ ይመርጣል። የቴምር ዛፍን የሚያጠቃው፣ ባዩድ የሚባለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞሮኮ ውስጥ በድራ ሸለቆ ከታየ ወዲህ በዚያች አገር ብቻ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ጨርሷል። ግንደ ወፍራሙንና ለጌጥ የሚተከለውን የካናሪ ዘንባባ የሚያደርቀው ሌላው ዘር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ተለየ፤ በኋላ በካሊፎርኒያ፣ በጃፓንና በአውስትራሊያም ተገኘ። የሲድኒው ሴንቴኒያል ፓርክ በሰልፍ የተተከሉ ትልልቅ የካናሪ ዘንባባዎቹን ያጣው በዚሁ ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 ከፍሎሪዳ በዝርዝር የተገለጸው ሲሆን፣ ቀጭንና ረጅሙን ዋሺንግቶኒያ ዘንባባ በጥቂት ወራት ውስጥ ይገድላል። ካናሪውና ዋሺንግቶኒያው በኢትዮጵያ ከተሞችም ለመንገድና ለግቢ ውበት የሚተከሉ ናቸው።

ሐዋሳ ለዘንባባ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ ሙቀቱ አይከፋም፣ ውርጭም አያሰጋም። የአውራ ጎዳናዎቿ አካፋይና የሐይቁ ዳር ሆቴሎች ግቢ ያለ ዘንባባ አይታሰብም። ውበቱ ግን አደጋውንም ይዞ ይመጣል፦ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ በአንድ ጊዜ ተተክሎ፣ በአንድ መስመር ቆሞ፣ በአንድ መጋዝ ይገረዛል። ፍቼ ጫምባላላ ወይም የሐምሌ ገብርኤል ሲቃረብ ከተማ ይጸዳል፣ የደረቀ ዝንጣፊ ይወርዳል። ሠራተኛው ከመጀመሪያው ዛፍ እስከ መጨረሻው መጋዙን ሳይጠርግ ከሄደ፣ የመጀመሪያው የታመመ እንደሆነ ቀሪዎቹን በበሽታው የበከላቸው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአካባቢው አዲስ አለመሆኑ ነው። በሲዳማ የእንሰት አጠውልግን የማያውቅ ገበሬ የለም። ያንን የሚያመጣው ፈንገስ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ የሚተላለፍበት አንዱ ዋና መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ከታመመ ወደ ጤነኛ የሚሻገር ቢላ። ቢላውን እሳት ላይ አግሎ ወደሚቀጥለው እንሰት ማለፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ጓሮ ላይ የሚሠራው ጥንቃቄ አስፋልት ዳር የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

ምልክቱን ለማወቅ ከታችኛዎቹ ዝንጣፊዎች መጀመር ነው። አንዱን ዝንጣፊ ብቻ ለይቶ ሲመለከቱ፣ ከመሃል አጥንቱ በአንድ ወገን ያሉት ቅጠሎች ደርቀው በሌላው ወገን ያሉት ገና አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። በአጥንቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ቡናማ ረጅም መስመር ይወርዳል። ዝንጣፊውን አግድም ቆርጠው ቢያዩ ነጭ መሆን የነበረበት ውስጡ ቀይ ቡናማ ነጠብጣብ አለበት። ድርቀቱ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣና ልቡ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ የዘንባባ ግንድ ሌላ የሚያቆጠቁጥበት ቦታ የለውም። ያረጀ የታችኛ ቅጠል መድረቁ ግን ተፈጥሮ ነው፤ የፖታሲየም እጥረትም ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ፣ በሁለቱም ወገን ያነጥበዋል። እርግጠኛ የሚያደርገው ናሙናውን ላቦራቶሪ ማየት ነው።

ቁርጡ ሥራ ያለው መጋዙ ጋ ነው። መጀመሪያ የተጣበቀው ዱቄትና ጭማቂ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ምክንያቱም በረኪና ከቆሻሻ ጋር ከተገናኘ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ ተበጥብጦ መጋዙ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ይነከራል። ሠራተኛ አምስት ደቂቃ ቆሞ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሁለት መጋዝ ይዞ አንዱ ሲነከር በሌላው መሥራት ነው። በረኪናው ብረት ስለሚበላ ማታ በንጹሕ ውሃ አጥቦ ዘይት መቀባት ያሻል። የሞተር መጋዝ ግን ለዘንባባ አይመከርም፦ ሰንሰለቱን በሚገባ ማጽዳት ከባድ ነው፣ የሚበትነው ዱቄትም ራሱ በሽታ ሊሸከም ይችላል። የተጠረጠረው ዛፍ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ይነካ።

መቁረጥን መቀነስም ራሱ መከላከያ ነው። አናቱ ላይ ጥቂት ቅጠል አስቀርቶ የተላጨ ዘንባባ ለአንዳንዱ ዓይን ንጹሕ ይመስላል፤ ለዛፉ ግን ብዙ ቁስልና ትንሽ ምግብ ነው። ሙሉ በሙሉ የደረቀው ብቻ ይውረድ። የዘንባባ ግንድ እንደ ዋንዛ ወይም እንደ ግራር ቁስሉን በአዲስ ልጥ አይሸፍንም፤ ስለዚህ ማስታወቂያ በምስማር መምታትም ሆነ በሹል ብረት መውጣት ጠባሳው ዕድሜ ልክ ነው። ግንዱን ኖራ መቀባት ያምር እንደሆነ እንጂ ከዚህ በሽታ አያድንም።

ሆሣዕና ሲደርስ ሌላ ጉዳይ ይነሣል። ለቀለበትና ለመስቀል የሚታጠፈው ያልተከፈተው፣ ገርጣ ያለው ለጋ ቅጠል ነው፤ አብዛኛውም ከአገሬው ዘንባባ ይመጣል። ይህ ዛፍ ከካናሪውና ከቴምሩ ጋር አንድ ወገን ነው። በአንድ ሌሊት ብዙ ዛፍ በአንድ ቢላ ስለሚነካ፣ ለቆራጮቹ ስለ ቢላው መንገር ሥርዓቱን ሳይነካ ይጠቅማል። ከአንድ ዛፍ ብዙ ለጋ አለመውሰድም እንዲሁ።

ሕመሙ የተረጋገጠበት ዛፍ ነፋስ በሌለበት ቀን ተቆርጦ ከነሥሩ ይወጣል። ዝንጣፊው ለሰሌን፣ ለመጥረጊያ ወይም ለአጥር አይሰጥም፣ ተፈጭቶም አፈር ላይ አይበተንም፤ ተሸፍኖ ይወሰድና ይቃጠላል ወይም ርቆ ይቀበራል። የጉድጓዱ አፈር ወደ ሌላ መደብ መዛወር የለበትም፣ ፈንገሱ ያለ ዛፍም ለብዙ ዓመታት አፈር ውስጥ ይቆያልና። በዚያው ቦታ ላይ ዘንባባ መልሶ መትከል ገንዘብ መጣል ነው። አካፋዩ ላይ ጃካራንዳ ሊሆን ይችላል፤ ሰፋ ያለ ግቢ ከሆነ ዋንዛም ይበቅላል።