ናቪየር–ስቶክስ፦ «ኮምፒውተር ፈትቶታል» ለምትሉኝ

ሂሳብ እንደማስተምር የሰማ ሁሉ የፈሳሽን እንቅስቃሴ ስለሚገልጹት የናቪየር–ስቶክስ እኩልታዎች የሚያርመኝ ነገር አያጣም።

«የፈሳሽ እንቅስቃሴ ሕግ ገና አልታወቀም፤ አውሮፕላን የሚሠራው በግምት ነው» ይላሉ። ናቪየር እ.ኤ.አ. በ1822፣ ስቶክስ በ1845 ጽፈውታል፤ መሐንዲሶች በየቀኑ ይሠሩበታል።

«የክሌይ የሂሳብ ተቋም ሽልማት እኩልታው ትክክል ነው ላለ ብቻ ነው።» አይደለም። መፍትሔው እንደሚፈርስ፣ ማለትም ፍጥነቱ ወሰን እንደሚያጣ፣ ያረጋገጠም ያንኑ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል።

«ኮምፒውተር ፈትቶታል።» ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የግድብ ማስተንፈሻ የሚያሰላ የቀድሞ ተማሪዬ ባለቀለም ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ «ይኸው መምህር፣ ተፈታ» አለኝ። ከአንዱ የስሌት ነጥብ እስከ ቀጣዩ ባለው ክፍተት ውስጥ ውኃው ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። ዝም አለ።

ክሌይ የሂሳብ ተቋም በ2000 ያቀረበው ጥያቄ የሚገኘው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ትልቁ አዙሪት ጉልበቱን ለትንሹ፣ ትንሹም ከእርሱ ላነሰው ያስተላልፋል። የፈሳሹ የውስጥ ሰበቃ ይህን ጉልበት ሁልጊዜ ይውጠዋል? ወይስ በሦስት አውታረ መጠን ፍጥነቱ የሆነ ቦታ ላይ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ ወሰን ያጣል? ኮምፒውተር ቦታውን በቁርጥራጭ ከፍሎ ግምታዊ ቁጥር ይሰጣል፤ ከቁርጥራጩ ያነሰውን አዙሪት አያየውም። ሚሊዮን ፍሰት በሰላም ቢያልፍም ስለ ሁሉም ፍሰት የተረጋገጠ ነገር የለም። የሂሳብ ሊቁ ዣን ለሬ በ1934 ደካማ የሚባሉ፣ እኩልታውን በየነጥቡ ሳይሆን በአማካይ የሚያሟሉ መፍትሔዎች ምንጊዜም እንዳሉ አረጋግጧል፤ ሁልጊዜ ለስላሳ፣ ማለትም የትም የማይፈርሱ፣ ይሁኑ አይሁኑ ግን አልታወቀም። በ1982 ካፋሬሊ፣ ኮን እና ኒረንበርግ ፍሰቱ የሚፈርስባቸው ነጥቦች ቢኖሩ እንኳ በቦታና በጊዜ ውስጥ አንዲት መስመር የማይሞሉ ብርቅ መሆናቸውን አሳዩ። በሁለት አውታረ መጠን ግን መፍትሔው እንደማይፈርስ ተረጋግጦ ጉዳዩ ድሮ ተዘግቷል።

ኮምፒውተር ለማረጋገጫ አይረዳም ማለቴ አይደለም። የሂሳብ ሊቃውንቱ ቼን እና ሁ በ2022 መፍትሔ እንደሚፈርስ ለማረጋገጥ ተጠቅመውበታል፤ ግን የእያንዳንዱን ስሌት ስህተት ጣሪያ አረጋግጠው፣ ያውም ሰበቃ ለሌላቸው የኦይለር እኩልታዎች፣ ግድግዳ ባለበት ዕቃ ውስጥ።

«መፍትሔ» ለምትልኩልኝም አንድ ምክር አለኝ። የሂሳብ ሊቁ ቴሬንስ ታኦ በ2014 የናቪየር–ስቶክስን የጉልበት ሚዛን ጠብቆ የተቀየረ እኩልታ ሠርቶ መፍትሔው እንደሚፈርስ አሳይቷል። ስለዚህ ማረጋገጫችሁ በጉልበት ሚዛን ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ፣ ለታኦ እኩልታም እውነት ያልሆነውን «ያረጋግጣል»። ከመላካችሁ በፊት ከጉልበት ሚዛኑ ሌላ ከዋናው እኩልታ ምን እንደተጠቀማችሁ በየገጹ አስምሩበት። የሚሰመርበት ካጣችሁ አትላኩ።