አንዳንድ አገሮች ዕድገታቸው ሳይቆም የዘለቀው ለምንድን ነው?

ማደግ ብቻውን አዲስ ነገር አይደለም። ቻይና በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ960 እስከ 1279፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብረት በብዛት ታቀልጥ፣ በወረቀት ገንዘብም ትገበያይ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ በንግድ መርከቦቿ በልጽጋ ነበር። የሁለቱም ግስጋሴ ግን ከጊዜ በኋላ ቀዘቀዘ። ድሮ ገቢ ትንሽ ከፍ ሲል የሕዝቡም ቁጥር ተከትሎ ይጨምርና ያችኑ ትርፍ ይበላታል፤ ከ1800 አካባቢ ጀምሮ ግን መጀመሪያ በብሪታንያ፣ ቀጥሎም በሌሎች አገሮች የእያንዳንዱ ሰው ገቢ ከትውልድ ትውልድ ማደጉን ቀጠለ። በዓመት 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ካልተቋረጠ ገቢን በ35 ዓመት እጥፍ ያደርጋል።

ምን ተለወጠ? የእንፋሎት ሞተርን ጠጋ ብለን እንየው። ቶማስ ኒውኮመን በ1712 የሠራው ሞተር ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ ይስብ ነበር፤ ችግሩ ሲሊንደሩ በየምቱ እየጋለ እየቀዘቀዘ ከሰል መጨረሱ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ይሠራና ይጠግን የነበረው ጄምስ ዋት እንፋሎቱ ለብቻው የሚቀዘቅዝበት ክፍል ጨመረበትና በ1769 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አወጣ። የከሰሉ ፍጆታ በጣም ቀነሰ። ግን ሐሳቡ ብቻውን የትም አያደርስም ነበር፤ ገንዘቡን ማቲው ቦልተን አወጣ፣ ሲሊንደሩን በልኩ የቦረቦረው ጆን ዊልኪንሰን ነው፣ መብቱን ደግሞ ሕግ አስከበረለት። ለእኔ ዋናው ምስጢር ይሄ ነው፤ ዕውቀት፣ የእጅ ሙያ፣ ካፒታልና ሕግ አንድ ላይ መገናኘታቸው።

ሕጉም ከሰማይ አልወረደም። ከ1688ቱ አብዮት በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መጣል አልቻለም፤ ነጋዴው ንብረቴን ነገ ይወርሱብኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት ቀነሰ።

«የተዘረፈ ሀብት ነው ያበለጸጋቸው» የሚሉም አሉ። የማንቸስተር ፋብሪካዎች ጥጥ በአብዛኛው በባሮች ጉልበት የተመረተ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን ነውር ነው። ግን ዝርፊያ ብቻውን ዘላቂ ዕድገት አያመጣም፤ ስፔን በደቡብ አሜሪካ ካለው ከፖቶሲ ተራራ ያን ሁሉ የብር ማዕድን አግዛ ወደ ኋላ ቀርታለች።

ከሁሉ የሚያስገርመው ኮሪያ ነው። በ1945 አንድ ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ከባድ ፋብሪካዎቹ በብዛት የነበሩት ሰሜን ነው፤ ዛሬ ሀብታሙ ደቡቡ ነው። ደቡቡ መሬት ለገበሬው አከፋፈለ፣ ልጆቹን አስተማረ፣ ኩባንያዎቹን በዓለም ገበያ እንዲወዳደሩ አስገደደ። ያ የኢንዱስትሪ ሩጫ ሲካሄድ ግን፣ ከ1961 እስከ 1987፣ ሥልጣኑ በአብዛኛው በጄኔራሎች እጅ ነበር፤ ስለዚህ ዴሞክራሲ ይቅደም ወይስ ዕድገት የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም።