«ዜሮ» ለስላሳ ያከሳል?

ጥያቄው እዚህ ቡድን ውስጥ ደጋግሞ ስለተነሳ ባጭሩ ላስረዳ። ባለ ስኳሩ ኮላ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ 120 ካሎሪ ገደማ መሆኑ ነው። «ዜሮ» የሚባለው እንደ አስፓርታም ባሉ ማጣፈጫዎች ስለሚጣፍጥ ካሎሪው ከምንም አይቆጠርም። ይህ እርግጥ ነው።

ክብደት ላይ ያለው ውጤት ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጦ ከዓሣ ጥብሱ ጋር «ዜሮ» ያዘዘ ሰው፣ ስኳሩን ትቻለሁ ብሎ ዳቦ ከጨመረ የቀነሰውን እዚያው መለሰው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. እነዚህን ማጣፈጫዎች ክብደት መቆጣጠሪያ አታድርጓቸው ብሎ መክሯል፤ ለረጅም ጊዜ ስብ እንደሚቀንሱ አልታየምና። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም፤ እባካችሁ እናንተ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ወደ ባለ ስኳሩ አትመለሱ።