መክሊት ምንድን ነው?

ዛሬ «መክሊት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ተሰጥኦ ነው፤ የድምፅ፣ የሥዕል፣ የንግግር ስጦታ። «መክሊቱን ቀበረ» የምንለውም ችሎታውን ሳይሠራበት የቀረውን ሰው ነው። ይህ ፍቺ ግን ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ምሳሌ በኋላ የመጣ ነው። ምሳሌውን መጀመሪያ ለሰሙት ሰዎች መክሊት በሚዛን የሚለካ ከባድ የብር ማዕድን ነበር። በምሳሌው አንድ ጌታ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ለሦስት አገልጋዮቹ አምስት፣ ሁለትና አንድ መክሊት ይሰጣል፤ አንድ የተቀበለው ሦስተኛው መሬት ውስጥ ቀበረው። ወንጌሉ ራሱ ጌታው ገንዘቡን የሰጠው «ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ» ነው ይላል። ዓቅሙ አስቀድሞ ነበረ፤ መክሊቱ በዓቅሙ ልክ ተሰጠ።

በዕብራይስጥ ስሙ «ኪካር» ነው። ቃሉ ክብ ነገርን ያመለክታል፤ ድቡልቡል ዳቦም በዚሁ ስም ይጠራል። ክብደቱን ከዘጸአት 38 ማስላት ይቻላል። 603,550 ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰቅል (ሰቅል የጥንት የክብደት መለኪያ ነው) አወጡ፤ ድምሩ 301,775 ሰቅል ነው። መጽሐፉ ይህንኑ 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ብሎ ይጽፈዋል። 1,775ቱን ቀንሰን የቀረውን 300,000 ለ100 ስናካፍል አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ሆኖ ይወጣል። በይሁዳ ምድር በቁፋሮ የተገኙት ከኖራ ድንጋይ የተሠሩ ጉልላት መሰል መመዘኛዎች ደግሞ አንዱን ሰቅል ወደ 11.3 ግራም ያደርሱታል። እንግዲህ መክሊቱ 34 ኪሎ ገደማ ነው።

ይህ ክብደት በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል 2ኛ ነገሥት 5 ላይ ይታያል። የነቢዩ ኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን አታልሎ ሁለት መክሊት ብር ሲቀበል፣ ብሩ በሁለት ከረጢት ታስሮ ሁለት ሎሌዎች ተሸከሙት። አንዱ መክሊት የአንድ ሰው ሙሉ ሸክም ነው። ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን የሰጠችው 120 መክሊት ወርቅም በዚህ ሒሳብ 4 ቶን ያህል ይመዝናል። አንድ ግመል 200 ኪሎ ቢጫን፣ ለወርቁ ብቻ 20 ግመል ያስፈልግ ነበር።

ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው ይህን 34 ኪሎ ይዞ ወደ ወንጌል ሲሻገር ነው። በኢየሱስ ዘመን የሚታሰበው መክሊት የግሪኮቹ ነው፤ 6,000 ድራክማ (የግሪክ የብር ሳንቲም)፣ በአቴና ልክ 26 ኪሎ ገደማ። ያንን ብር በዛሬ የብር ማዕድን ዋጋ መመንዘርም አያዋጣም፤ ያኔ ብር ከሰው ጉልበት አንጻር እጅግ ውድ ነበር። የሚሻለው መለኪያ የቀን ሥራ ነው። በማቴዎስ 20 የወይን አትክልት ሠራተኛው በቀን አንድ ዲናር (የሮማውያን የብር ሳንቲም) ይከፈለዋል፤ ዲናርና ድራክማ ደግሞ በዋጋ ተቀራራቢ ናቸው። ሰው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ አንድ መክሊት የ20 ዓመት ደመወዝ ነው። «ያነሰው» አገልጋይ እንኳ የተሰጠው ይህን ያህል ነው! በሉቃስ 19 ያለው ምናን የመክሊት ስድሳኛ ነው፤ የ100 ቀን ደመወዝ ማለት ነው።

መቅበሩም ለሰሚው እንግዳ ነገር አልነበረም። በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ የአደራ ገንዘብ በደንብ ተጠበቀ የሚባለው መሬት ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው አገልጋይ ነገሩን በዝርክርክነት አልያዘውም፤ እጅግ አስተማማኝ የሆነውን መንገድ መረጠ። ጌታው የወቀሰውም ገንዘቡን አጠፋህ ብሎ አይደለም። ለገንዘብ ለዋጮች ሰጥተኸው ቢሆን ከነወለዱ እወስደው ነበር ነው ያለው። ምሳሌውን ስለ ስንፍና ብቻ አድርገን ስንሰብክ ይህ ይጠፋብናል።

የማቴዎስ 18 ባለዕዳ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ለንጉሡ ያለበት ዕዳ «እልፍ መክሊት» ነው፤ ንጉሡ ይተውለታል፣ እሱ ግን 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ይይዛል። እልፍን ዛሬ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ብለን እናነበዋለን፤ ትክክለኛ ቁጥሩ 10,000 ነው። በግሪክኛ ለቁጥር ከሚያገለግሉት ቃላት ትልቁ ይኸው ሲሆን፣ ከገንዘብ መለኪያዎችም ትልቁ መክሊት ነው። የመጀመሪያው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ እንደጻፈው ገዢው ሄሮድስ አንቲጳስ ከገሊላና ከዮርዳኖስ ማዶ ካለችው ከጴርያ በዓመት የሚያገኘው 200 መክሊት ነበር። ዕዳው እንግዲህ የገዢው የ50 ዓመት ገቢ ነው፤ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ 200,000 ዓመት የሚፈጅ ሥራ። ባልንጀራው የነበረበት 100 ዲናርም ኢምንት አልነበረም፤ ለድሃ ሰው የአራት ወር ድካም ነው። ጉሮሮውን አንቆ የጠየቀው እውነተኛ ገንዘብ ነበር፤ የተተወለት ግን የዚያ 600,000 እጥፍ።