የ1906ቱ ፎርዋርድ ፓስ ምንድን ነው?

ፎርዋርድ ፓስ ማለት ኳስን በእጅ ወደ ፊት ወርውሮ ለቡድን ጓደኛ ማቀበል ነው። ስለ አሜሪካ ፉትቦል ታሪክ በተወራ ቁጥር ይህች አባባል አትጠፋም፦ «ፓስ እ.ኤ.አ. በ1906 ተፈቀደ፤ አሰልጣኞቹ ግን ፈሪዎች ስለነበሩ እስከ 1913 አልነኩትም።» ይህን የሚጽፉት የዛሬውን ደንብ ይዘው የያኔውን ሰው የሚዳኙ ናቸው።

ዛሬ የተወረወረ ኳስ ማንም ሳይቀልበው መሬት ቢወድቅ ቡድኑ አንድ ዳውን፣ ማለትም 10 ያርድ ለመሄድ ከተሰጡት ሙከራዎች አንዱን፣ ይከስራል፤ ሙከራዎቹ እስካላለቁ ግን ኳሱ አሁንም የእሱ ነው። በ1906 ማንንም ሳይነካ መሬት ከወደቀ፣ በመጀመሪያው ዳውንም ቢሆን፣ ኳሱ ከተወረወረበት ቦታ ለተጋጣሚ ይሰጣል። የዛሬው ወርዋሪ የቀን ገቢውን የሚያስይዝ ቸርቻሪ ነው። የያኔው ግን ለዘር ብድር የእርሻ በሬውን ያስያዘ ገበሬ ነው፤ ዝናቡ ከቀረ እርሻውም ቀረ። ዘሩንም በፈለገው ማሳ አይዘራም፤ ኳሱ ጨዋታ ከጀመረበት ነጥብ ቢያንስ 5 ያርድ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሳይወጣ መወርወር አይችልም። ዳኛው ይህን በዓይኑ እንዲለይ ሜዳው በቁመቱም በየ5 ያርዱ በኖራ ይሰመር ነበር። ኳሱን መቅለብ የሚፈቀድላቸው በአጥቂው ቡድን የፊት መስመር ሁለት ጫፍ ያሉትና ከመስመሩ ኋላ የቆሙት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። የጎል መስመሩን ያለፈ ውርወራም ለተከላካዩ ይሰጣል። በሬውን አስይዞ በጠባብ መሬት የሚዘራ ሰው ቢያመነታ ፈሪ ማለት ግፍ ነው።

ደግሞ ሁሉም አላመነታም። የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ኤዲ ኮከምስ ከ1906 ውድድር በፊት ተጫዋቾቹን ዊስኮንሲን፣ ሌክ ቢውላ ወስዶ ውርወራ አለማመዳቸው። የያኔው ኳስ ከዛሬው ስለሚወፍር በመዳፍ አይጨበጥም፤ ጣት የሚይዘው ነገር የኳሱ ማሰሪያ ጠፍር ብቻ ነው። ስለዚህ ጣቶቹን ጠፍሩ ላይ አሳርፎ፣ ሲለቁት በረጅሙ ጎኑ ዙሪያ እንዲሾር ማድረግ ያስፈልጋል። ሳይሾር የተለቀቀ ወፍራም ኳስ አየር ላይ ይገለባበጣል፤ የሚቀልበውም የት እንደሚያርፍ መገመት ያቅተዋል።

ሴፕቴምበር 5 ከካሮል ኮሌጅ ጋር ሲጫወቱ የኮከምስ ተጫዋች የብራድበሪ ሮቢንሰን የመጀመሪያ ውርወራ ከሸፈ፤ ኳሱም ለካሮል ተሰጠ። በዚያው ጨዋታ ሮቢንሰን እንደገና ወረወረ፤ የቡድን ጓደኛው ጃክ ሽናይደር ቀለበና 20 ያርድ የታችዳውን (ኳሱን ይዞ የጎል መስመሩን በማለፍ የሚገኝ ነጥብ) ፓስ ሆነ። ቡድኑ በዓመቱ 11 ጨዋታ ተጫውቶ 11ዱንም አሸነፈ፤ ድምሩ 407 ለ11። (ይህን ከዛሬ ውጤት ጋር አታነጻጽሩ፤ ታችዳውን ያኔ 5 ነጥብ ነበር። ስለዚያ ዘመን ውርወራዎች ርዝመት የሚነገረውንም በጥንቃቄ ያዙ፤ ይፋዊ የያርድ መዝገብ ስላልነበረ አብዛኛው የጋዜጠኛ ግምት ነው።)

በ1913 የኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ የዌስት ፖይንትን (የአሜሪካ ጦር አካዳሚን) ቡድን 35 ለ13 ሲያሸንፍ ፓስን በምሥራቁ ጋዜጦች ፊት አሳየ እንጂ አልፈጠረም። እስከዚያ ቅጣቱም ቀስ በቀስ ላልቶ ነበር። በ1912 ውርወራ ከ20 ያርድ እንዳይበልጥ ይከለክል የነበረው ገደብ ተነሳ፣ ኳሱ ቀጠነ፣ ዳውንም ከ3 ወደ 4 ከፍ አለ። በ3 ዳውን 10 ያርድ መሄድ ያለበት ቡድን አንዱን ለውርወራ ሲሰጥ የሚቀረው ሁለት ነው፤ በ4 ግን አንዱ ቢከሽፍም ሦስት ሩጫ ይቀረዋል።