የባሮክ ዘመን የመታሰቢያ ሜዳልያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሜዳልያ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ሽልማት ነው።» በባሮክ ዘመን፣ ማለትም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ በአውሮፓ የተሠሩት የመታሰቢያ ሜዳልያዎች፣ ነገሥታት ከወርቅ ሰንሰለት ጋር ለባለሟሎቻቸው ከሚሸልሟቸው ጥቂቶች በስተቀር፣ በመሳቢያ ውስጥ ተደርድረው የሚቀመጡ፣ እንግዳ ሲመጣም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉና እየተገለበጡ የሚነበቡ ነበሩ።

«ያው የቆየ ገንዘብ ነው።» አያቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት ጠገራ ብር በአንድ ወገኑ የንግሥት መልክ፣ በሌላው ንስር ስላለበት ሜዳልያን ይመስላል፤ ሜዳልያ ግን ለግብይት አይውልም። የሚጋሩት ነገር መኖሩ እውነት ነው፦ ጠገራ ብር ያለው ሰው ጠርዙን ቢመለከት «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ያገኛል፤ ሜዳልያ ሠሪዎችም በጠርዙ ላይ መጻፍ ያውቁበት ነበር።

«ሁሉም በአንድ ዓይነት መንገድ ተሠሩ።» የፍሎረንሱ ማሲሚልያኖ ሶልዳኒ በሰም ቀርጾ ነሐስ ያፈስ ነበር። በፓሪስ ደግሞ ቀራጩ ምስሉን በአረብ ብረት ላይ ገልብጦ ይቆፍርና ብሩ በመጭመቂያ መሣሪያ ይታተማል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የአምስተርዳሙ ፒተር ቫን አቤሌ ሥራ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1660 ከሆላንድ ጠረፍ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ለመታሰቢያ የሠራው ሜዳልያ ሁለት ስስ የብር ሰሌዳዎች በጠርዛቸው ተጋጥመው የተፈጠረ ስለሆነ ውስጡ ባዶ ነው፤ በጀርባው መርከቦቹ በባሕሩ ላይ ይታያሉ፣ ከበላያቸውም ዝና በሴት አምሳል መለከት እየነፋች ትበርራለች።

«ምልክቶቹ ማስጌጫ ብቻ ናቸው።» ጅራቱን የነከሰ እባብ ዘላለም ነው፤ የሎረል አክሊል ድል፣ መልሕቅ ተስፋ ነው። ፊደሉ ራሱ ምሥጢር ሊይዝ ይችላል። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ባስመታው አንድ የመታሰቢያ ገንዘብ ላይ «ክርስቶስ መሪ ነውና ድል አለ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ጽሑፍ መካከል ጎላ ብለው የተቀረጹት ፊደላት እንደ ሮማ ቁጥር ሲደመሩ፣ ሺህ፣ አምስት መቶ፣ መቶ፣ አሥር፣ ሦስት አምስቶችና ሁለት አንዶች፣ 1627 ይሆናሉ፤ ይህም የተመታበት ዓመት ነው።

«አንድ ሜዳልያ የአንድ ሠዓሊ ድርሰት ነው።» የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልበር እ.ኤ.አ. በ1663 «ትንሿ አካዳሚ» የተባለችውን የሊቃውንት ማኅበር ያቋቋመው ለንጉሡ ሜዳልያዎች ሐሳብና ጽሑፍ እንድታዘጋጅ ጭምር ነበር። ጸሐፌ ተውኔቱ ራሲንና ባለቅኔው ቧሎ ከአባላቷ ነበሩ፤ ሊቃውንቱ የተስማሙበትን ሠዓሊ ይነድፈዋል፣ ቀራጭ ወደ ብረት ያወርደዋል።

በጣም መታረም ያለበት ግን «ሜዳልያ የታሪክ ምስክር ነው» የሚለው ነው። ሜዳልያ የሚመሰክረው ያሠራው ሰው እንዲታመን የፈለገውን ነው። ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነጻነት ሰጥቶ የነበረውን የቀደመውን የናንት አዋጅ ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1685 ሲሽር በተሠራው ሜዳልያ ላይ ሃይማኖት በሴት አምሳል በፍርስራሽ ላይ መስቀል ስትተክል ትታያለች፤ ጽሑፉም «ኑፋቄ ጠፋ» ይላል። አገራቸውን ጥለው የተሰደዱት ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች በዚያ ክብ ውስጥ የሉም። በዚያው ዓመት በርሊን የምትገኝበት የጀርመን ግዛት የብራንደንቡርግ ገዥ በፖትስዳም አዋጅ በሩን ከፈተላቸው፤ የሉዊን ሜዳልያዎች የያዘው ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1702 በፓሪስ ሲታተም፣ በርሊን ላይ እነዚሁ ስደተኞች የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን እየገነቡ ነበር።