የሐዋሳ የክረምት ማጣሪያ

የክረምት ማጣሪያ የሐዋሳ የልብስና የቤት ጨርቃ ጨርቅ ሱቆች ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል አካባቢ የሚያደርጉት የቅናሽ ሽያጭ ነው። ሹራብ፣ ጃኬት፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ፎጣና የአልጋ ልብስ በብዛት ይወጣል። ነጋዴው "ማጣሪያ" ይለዋል። ወጣቱ "ዲስካውንት" ይላል። ባነሩ ላይ ግን ሁሌም "ታላቅ ቅናሽ" ነው የሚጻፈው። "መጠነኛ ቅናሽ" የሚል ባነር እስካሁን አላየሁም።

ተማሪ ሳለሁ ሁለት ክረምት ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተመደብኩት አንሶላና ብርድ ልብስ ላይ ነበር። ስለዚህ እዚህ ስለ አንሶላ ከሚገባው በላይ ቢጻፍ አይግረማችሁ።

ክረምቱ ሌላ፣ ብርዱ ሌላ

በሌላው ዓለም የክረምት ማጣሪያ ማለት ብርዱ እያለቀ ነው ማለት ነው። እኛ ጋ ክረምት የዝናብ ስም ነው። ሰኔ ይገባል፣ መስከረም ይወጣል። ብርዱ የራሱ ቀጠሮ አለው።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በክረምት ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ሌሊቱ ያን ያህል አይጨክንም። ደመናው ራሱ ብርድ ልብስ ነው። ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ምድሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይለቀዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማለዳ ሐይቅ ዳር ስፖርት የሚሠራ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

እንግዲህ የሐዋሳ ሱቅ ብርድ ልብሱን የሚያራግፈው ዋናው ብርድ ከመግባቱ ሁለት ወር ቀድሞ ነው። ለገዢ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። እኛ ቤት እናቴ ብርድ ልብስ የምትገዛው ጳጉሜን ላይ ብቻ ነበር። ጎረቤቶች ኅዳር ላይ በሙሉ ዋጋ ሲገዙ እያየች ምንም አትልም። ፈገግ ብቻ ትላለች።

ነጋዴው ሞኝ ሆኖ አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ የቆጠራና የግብር ወር ነው፤ ቤት ኪራዩም አለ። ስለዚህ በነሐሴ የሚፈለገው ጥሬ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ የእንቁጣጣሽ ልብስ መምጫው ደርሷል፤ የተማሪ ዩኒፎርምና ቦርሳም ቦታ ይፈልጋል። ብርድ ልብስ ደግሞ ቦታ ይበላል። አንድ ቦንዳ ብርድ ልብስ በሚይዘው ጥግ ስንት ቲሸርት ይደረደራል! ክረምቱን ሙሉ እርጥበት የጠጣ መጋዘን ውስጥ የቆየ ጨርቅም መሽተት ይጀምራል። አለቃዬ በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን ያሸት ነበር። ሽታው ሲቀየር ባነሩ ይሰቀላል።

ነጭ ሽያጭ

የቤት ጨርቃ ጨርቅን በወቅት ማጣሪያ የመሸጥ ልማድ ከውጭ የመጣ ነው። በአሜሪካ የፊላደልፊያው ነጋዴ ጆን ዋናሜከር በአውሮፓውያኑ ጥር 1878 የጀመረው "ነጭ ሽያጭ" ይጠቀሳል። ያን ጊዜ አንሶላ ነጭ ብቻ ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ። ከገና በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደንበኛን ለመሳብ የታሰበ ዘዴ ነበር። ፈረንሳዮች ግን ቀዳሚው የፓሪሱ ሌ ቦን ማርሼ ባለቤት አሪስቲድ ቡሲኮ ነው ይላሉ። በመስኮት በረዶ አይቶ ነጭ ጨርቅ ትዝ አለው የሚል ወሬም አለ። በረዶውን እንኳ ትቼዋለሁ። ዛሬ በፈረንሳይ የማጣሪያው ጊዜ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ከአውሮፓውያኑ 2020 ወዲህ አንዱ ዙር አራት ሳምንት ነው። እኛ ጋ ጊዜውን የሚወስነው የነጋዴው ኪስ ነው።

በሐዋሳ

ከተማዋ ራሷ የ1950ዎቹ ልጅ ናት፤ ብዙ ዕድሜ የላትም። በደርግ ዘመን አቡጀዲም ሌላም ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ይወሰድ ስለነበር ማጣሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያው ዘመን የተተከለው የሐዋሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማዋን ከክርና ከጥጥ ጋር አስተዋወቃት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ተመረቀ። የገነባው የቻይናው ሲሲኢሲሲ ሲሆን፣ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ብቻ ተብሎ የተሠራ ነው። 52 ሼዶች አሉት። ፒቪኤችን የመሰሉ በዓለም የታወቁ የልብስ ኩባንያዎች መጡ። እውነቱን ለመናገር ደረታችን ተነፋ። ከከተማ ውጭ ያለ ዘመድ ስንት ዓመት ሲጠይቀን የነበረው ስለ ዓሣና ስለ ሐይቁ ነበር። አሁን "ያ ሸሚዝ እናንተ ጋ ነው የሚሰፋው?" ማለት ጀመረ።

ሸሚዙ ግን ለእኛ አልነበረም። አብዛኛው ምርት ለውጭ ገበያ ነው የሚሰፋው፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ደግሞ በአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር። በሐዋሳ ሱቆች ላይ የታየው ለውጥ ሌላ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጡ። ቤት ተከራዩ፤ አንዱን ክፍል ለሦስት ለአራት ተጋሩ። አንዲት ልጅ ከተማ ስትገባ መጀመሪያ የምትገዛው ፍራሽ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ግንቦት 2011 ያወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነና በዓለም ዝቅተኛው እንደሆነ ጽፎ ብዙ አነጋግሯል። ፓርኩን የሚወዱ ሰዎች ምግቡና ትራንስፖርቱ አልተቆጠረም ብለው ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ደመወዝ ብርድ ልብስ በሙሉ ዋጋ አይገዛም። ማጣሪያው የእነዚህ ልጆች ገበያ ሆነ። የነጠላ አልጋ አንሶላ፣ ማለትም "ሜትር ከሃያ"፣ ድሮ የተማሪ ዕቃ ነበር። እኔ በሠራሁበት ክረምት ግን ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው መጥተው አንዱን ብርድ ልብስ በጋራ የሚገዙ ነበሩ። "አንቺ የማታ ሺፍት፣ እኔ የቀን" ተባብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ።

ታኅሣሥ 2014 ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትሰረዝ፣ ፒቪኤችም ለቅቆ ሲሄድ፣ ይህ ገበያ ቀዘቀዘ። ብዙዎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከቱርክና ከቻይና የሚመጣ ኮምፎርትና ብርድ ልብስ ዋጋው ጣሪያ ነካ። "ቅናሽ" የሚለው ቃል ትርጉሙ የተናጋው ያን ጊዜ ነው። የዘንድሮ ቅናሽ ከአምናው ሙሉ ዋጋ ሲበልጥ ምን ይባላል?

ዕቃዎቹ

ልብሱን ባጭሩ ልለፈው። ሹራብና ጃኬት በቁጥር ተደርድሮ ይሸጣል፤ መሃለኛው ቁጥር ቀድሞ ያልቃል፤ ትንሹና ትልቁ ይቀራል። የሴት ካፖርት ሐዋሳ ውስጥ ማን እንደሚገዛው ለእኔ እስካሁን እንቆቅልሽ ነው፤ ግን ይሸጣል። የልብሱ ማጣሪያ ከባድ ተፎካካሪም አለው፤ ሰልባጅ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም መንገድ ዳር ተዘርግቶ ማየት ብርቅ አይደለም። ቅዳሜ ቦንዳ ሲፈታ ቀድሞ የደረሰ ሰው የሱቅ ማጣሪያ አያስፈልገውም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ደግሞ የልብስ ቅናሽ መጠበቅ ከንቱ ነው። በዓሉ በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፤ ወደ በዓሉ ማክበሪያ ጉዱማሌ የሚወጣ ሰው አዲስ ለብሶ ነው የሚወጣው። ነጋዴውም ይህን ያውቃል።

አንሶላ ግን ሌላ ዓለም ነው። ማሸጊያው ላይ "100 ፐርሰንት ኮተን" ተብሎ ይጻፋል። ልምድ ያላት ገዢ ጽሑፉን አታነብም። ጫፉን በሁለት ጣት መሃል ታሻለች። ነጭ ብናኝ ከወጣ ስታርች ነው፤ ሲታጠብ ወንፊት ይሆናል። ቀጥላ አውራ ጣቷን አርጥባ ትነካዋለች። ጥጥ ውሃውን ይጠጣል፤ ፖሊስተር ላይ ግን ጠብታው ቁጭ ይላል። ድፍረት ያላት ደግሞ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛ ክብሪት ታስጠጋበታለች። ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠነክራል። አለቃዬ ክብሪቱን አይወድም ነበር። ሱቅ ያቃጥላል ይላል። እኔ የሚመስለኝ የፈራው ዶቃውን ነው።

ልኩ ሌላ ጣጣ ነው። አልጋው ሜትር ከሃምሳ ወይም ሜትር ከሰማንያ ይባላል፤ ፍራሹ ግን ውፍረቱ ይለያያል። ወፍራም ፍራሽ ያለው ሰው በአልጋው ልክ አንሶላ ገዝቶ ይሄዳል፤ ማታ ጠርዙ አልገባ ይለዋል። አንዲት እናት ሁልጊዜ ሲባጎ ይዘው ይመጡ ነበር። ሲባጎው ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ፤ የአልጋው ርዝመት፣ ወርዱ፣ የፍራሹ ውፍረት። አንሶላውን ወለል ላይ አስዘርግተው በሲባጎ ይለካሉ። ወረፋው ቢረዝም ግድ የላቸውም። እንደ እሳቸው ዕቃ መልሳ የማታውቅ ደንበኛ አላየሁም።

ማጣሪያ የማይነካው አንድ ዕቃ አለ፤ ጋቢ። ከጋሞ የሚመጣው ቡሉኮም እንደዚያው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሸማኔው የደከመበት በግልጽ ይታያል፤ ወቅትም የለውም። ሰኞና ሐሙስ በገበያ ቀን ትከራከሩበታላችሁ እንጂ "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ባነር አይሰቀልበትም። እንዲሰቀልበትም አልፈልግም።

ዋጋና ክርክር

የማጣሪያ ዋጋ የተቆረጠ ነው ይባላል። ሐዋሳ ውስጥ ይህን የሚያምን የለም።

"ይቺ የመጨረሻ ስንት ናት?"

"እናቴ፣ ማጣሪያ ላይ ናት። የተጻፈው ነው።"

"የተጻፈውንማ አየሁት ልጄ። የመጨረሻውን ነው የጠየቅኩህ።"

ይህን ንግግር በቀን ሃያ ጊዜ አድርጌዋለሁ። በአማርኛም፣ በተሰባበረ ሲዳምኛዬም። አለቃዬ ሲያየኝ ጥቂት እቀንሳለሁ፤ ሳያየኝ ትራስ ልብስ እመርቃለሁ።

ቅናሹ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እልባት የለውም። ነጋዴዎች ከመግዣ በታች እንሸጣለን ይላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው፤ በተለይ ብርድ ልብስ ላይ፣ በተለይ ጳጉሜን ላይ። አንዳንዴ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ከአንድ ሱቅ "50 በመቶ ቅናሽ" የሚል አንሶላ ገዛሁ። ቤት ገብቼ የዋጋውን ወረቀት በጥፍሬ ስልጠው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ወጣ። የታችኛው ዋጋ ከከፈልኩት ያነሰ ነበር። ሻጭ ሆኜ ሠርቼ እንኳ ተሸወድኩ።

ሕጉ ለገዢ ያደላል። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ አለበት። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት ግን የብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ አለ። ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ደግሞ ወረቀቱንም ሕጉንም እያየ ይመለሳል። ማጣሪያ ላይ "ያለ ደረሰኝ ከሆነ ትንሽ እቀንሳለሁ" የሚባለውም ለዚህ ነው። ቀሪው ቅናሽ የመንግሥት ቫት ነው፤ 15 በመቶ።

ማብቂያው

የማጣሪያው ማብቂያ ባነሩ ላይ አይጻፍም። "ለጥቂት ቀናት ብቻ" ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ አልጋ የሚያለብሰው ሰው ገዝቶ ሲጨርስ ይበርዳል። አንዳንዶች እስከ መስቀል ይገፉታል። እኛ ሱቅ የተረፈው ብርድ ልብስ ተቆጥሮ፣ ተጠቅልሎ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ይወጣና ኅዳር ላይ በሙሉ ዋጋ ይወርዳል። ባነሩም አይጣልም። ወፍራም ሸራ ስለሆነ አቧራ እንዳይገባ ቦንዳው ላይ ይለብሳል፤ "ታላቅ" የሚለው ቃል ወደ ውጭ ዞሮ።